ለየትኛው ፊት፣ የትኛው ዘይት?

የፊት ዘይት ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው አንድ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ወገን የቆዳ ዓይነቶች ተደርድረዋል፤ ደረቅ፣ ወዛም፣ ድብልቅ፣ ቶሎ የሚቆጣ። በሌላው ወገን ከያንዳንዱ ፊት ለፊት የዘይት ስም ተጽፏል፤ ለደረቁ ወይራና አቮካዶ፣ ለወዛሙ ጆጆባ፣ ለድብልቁ አርጋን፣ ለሚቆጣው የአልሞንድ ዘይት። በማኅበራዊ መገናኛ የሚዘዋወረው ምክር፣ የኮስሞቲክስ ሻጮች ማብራሪያ፣ የጠርሙሱ ጀርባ ጽሑፍ፣ ሁሉም ከዚሁ ሠንጠረዥ የተቀዱ ናቸው። ሠንጠረዡ ቀላል ስለሆነ ይወደዳል። ችግሩ ጥያቄውን የሚይዘው ከተሳሳተ ጫፍ መሆኑ ነው። ባለፉት ዘጠና ዓመታት ስለ ዘይትና ስለ ቆዳ የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው። ምርጫውን ከቆዳው ዓይነት አስቀድመው የሚወስኑት ዘይቱ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል ትኩስ እንደሆነ፣ ቆዳውም በዚያ ሰሞን ደህና ወይስ የተጎዳ መሆኑ ነው። ይህን ሚዛን የያዘ ሰው ደግሞ ከውጭ በውድ ከሚመጡት ብዙዎቹ ጠርሙሶች ይልቅ እዚሁ ገበያ ውስጥ በምግብ ዘይትነት የሚሸጡ አንዳንዶቹ እንደሚሻሉ ማየቱ አይቀርም።

በቆዳ ዓይነት እንጀምር። ክፍፍሉ ከላቦራቶሪ ይልቅ በገበያ ያደገ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በውበት ዕቃ ንግድ ስሟ የገነነው ሄለና ሩቢንስታይን ደንበኞቿን ደረቅ፣ ወዛምና መደበኛ ብላ እየለየች ለያንዳንዳቸው የተለየ ክሬም በማቅረቧ ብዙ ጊዜ የክፍፍሉ ጀማሪ ተደርጋ ትጠቀሳለች። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካዊቷ የቆዳ ሐኪም ሌዝሊ ባውማን ዓይነቶቹን 16 አደረሰቻቸው፤ ይህ በራሱ የቀደሙት ሦስትና አራቱ እንዳልበቁ ይመሰክራል። ዋናው ጉድለት ግን በቁጥሩ ላይ አይደለም። ክፍፍሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ መስመር ላይ ያሰልፋል። ወዝ የሚመነጨው ከፀጉር ሥር አጠገብ ካሉ ዕጢዎች ሲሆን መጠኑን በዋናነት የሚያዝዙት አንድሮጅን የሚባሉ ሆርሞኖች ናቸው። እርጥበት ደግሞ የቆዳው የላይኛው ስስ ሽፋን ውሃን የመያዝ አቅም ነው። አንዱ በዛ ማለት ሌላው በዛ ማለት አይደለም። ግንባሩ በወዝ የሚያብረቀርቅ ወጣት ከታጠበ በኋላ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ሊታይ ይችላል፤ ሠንጠረዡ «ድብልቅ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ የሆነውን አይነግረውም። ደግሞም የቆዳ ሁኔታ ከቦታና ከጊዜ ጋር ይቀያየራል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የበጋው ደረቅ ነፋስ የሚያሰነጣጥቀው ፊት በጋምቤላ ወበቅ ውስጥ ሌላ ፊት ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከውጭው ሙቀት ወደ ኤሲ፣ ከኤሲ ወደ ሙቀት የሚመላለስ ሠራተኛም በአንድ ቀን ሁለቱንም ይቀምሳል።

ዘይትስ ቆዳ ላይ ምን ይሠራል? ቆዳን አያጠጣም፤ በውስጡ ውሃ የለምና። የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ላዩን ሸፍኖ ውሃው ተንኖ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ስለዚህ በደረቀ ፊት ላይ የተቀባ ዘይት ድርቀቱን ያለሰልሰዋል እንጂ አያድነውም፤ ፊት ታጥቦ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የሚቀባ ጥቂት ጠብታ ግን ያገኘውን እርጥበት ያቆያል። በዚህ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ገና ሳይጀመር ባለቀ ነበር። በየቤቱ ያለው ቫዝሊን ከቆዳ የሚተነውን ውሃ እስከ 98 ከመቶ እንደሚገታ፣ ሌሎቹ ዘይቶች ግን ከ20 እስከ 30 ከመቶ እንደማያልፉ በቆዳ ሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ቫዝሊን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ ነው ተብሎ ስሙ ቢጠፋም ለሕክምና ደረጃ የተጣራው ቆዳን ብዙም የማያስቆጣ፣ ሽታውም የማይቀየር ቅባት ነው። የተፈጥሮ ዘይት ደጋፊዎች ይህን ማመን አለባቸው፤ ለተሰነጠቀ ከንፈርና ተረከዝ ከቫዝሊን የተሻለ ነገር ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የዕፅዋት ዘይት ለፊት የሚመረጥበት ምክንያት ካለ ከመሸፈን ያለፈ ሥራ ስለሚሠራ መሆን አለበት።

ያ ሥራ አለ፤ የተገኘውም በአይጦች ላይ ነው። በ1929 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ስብ ጨርሶ የሌለበት ምግብ የበሉ አይጦች ቆዳቸው እየተቀረፈ፣ ጅራታቸው እየቆሰለ መታመማቸውን አሳዩ። የጎደለው ሊኖሌይክ የተባለው ፋቲ አሲድ ነበር፤ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከውጭ የግድ የሚፈልገው። ቆየት ብሎ በ1974 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህ እጥረት በደረሰባቸው ሕመምተኞች ቆዳ ላይ የሱፍ አበባ ዘይት በመቀባት ብቻ እጥረቱ ሊስተካከል እንደሚችል አመለከተ። ምክንያቱ አሁን በደንብ ይታወቃል። በላይኛው የቆዳ ሽፋን ሕዋሳት መካከል እንደ አጥር ሆኖ ውሃን የሚያግደው ስብ በከፊል ሴራማይድ በሚባሉ ሞለኪውሎች የተገነባ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ለአጥሩ ወሳኝ የሆነው በውስጡ ሊኖሌይክን ይሸከማል። ሊኖሌይክ ሲያንስ አጥሩ ይሳሳል። አብዛኛው የዕፅዋት ዘይት ደግሞ የሁለት ፋቲ አሲዶች ድብልቅ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም፤ አንዱ ይኸው ሊኖሌይክ፣ ሌላው የወይራ ዘይትን የሞላው ኦሌይክ። ኦሌይክ ፈጽሞ የተለየ ጠባይ አለው። ብቻውን ሲሆን የአጥሩን ስብ ያላላል፤ መድኃኒት ቀማሚዎች አንዳንድ መድኃኒት በቆዳ በኩል እንዲሰርግ ሲፈልጉ ኦሌይክ አሲድ የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። በ2013 በእንግሊዝ አገር ዳንቢና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አዋቂዎች አንዱን ክንዳቸውን በወይራ ዘይት፣ ሌላውን በሱፍ አበባ ዘይት በቀን ሁለት ጊዜ ለሳምንታት እንዲቀቡ አደረገ። የወይራ ዘይት የቆዳውን አጥር አዳከመ፣ ቀላል መቅላትም አስከተለ፤ ይህ የሆነው ችፌ ኖሯቸው በሚያውቁትም በማያውቁትም ላይ ነው። የሱፍ አበባ ዘይት ግን አጥሩን ሳይነካ እርጥበቱን አሻሻለ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በሱፍ አበባ ዘይት የቀባ ትልቅ ሙከራ ውጤቱን በ2005 አውጥቶ ነበር፤ ዘይቱ የተቀቡት ሕፃናት በሆስፒታል በሚገኝ የደም ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው በ41 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ያልጠነከረ ቆዳ ትክክለኛውን ዘይት ሲያገኝ ጀርሞችን የመመከት ኃይሉ እንደሚጨምር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ይሁን እንጂ ነገሩ እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ አይደለም። በ2016 በማንቸስተር 115 ጤነኛ አራስ ሕፃናት ላይ የተደረገ ሙከራ ሁለቱም ዘይቶች፣ ወይራውም የሱፍ አበባውም፣ እርጥበት ቢጨምሩም የቆዳው ስብ በሥርዓት መደርደሩን እንዳዘገዩ አሳየ። ስለዚህ ደህና የሆነ የአራስ ቆዳ ዘይት አያስፈልገውም፤ ደህና የሆነ የአዋቂ ፊትም ያለ ዘይት መኖር ይችላል። ይህን የሚጽፍ የዘይት ማስታወቂያ የለም።

እንግዲህ ወደ ገበያ እንውጣ። የኑግ ዘይት በሊኖሌይክ ከበለጸጉት የአገራችን ዘይቶች አንዱ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው ኑግ ዘይቱ ብዙ ጊዜ 70 ከመቶና ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ ነው። የሱፍ ዘይትም፣ እሾሃማው የአበሻ ሱፍ ማለቴ ነው፣ በዚሁ ደረጃ ላይ ይገኛል። የሱፍ አበባ ጥቂት ዝቅ ይላል። ሰሊጥ በመካከል ነው፤ ኦሌይኩና ሊኖሌይኩ ሊመጣጠኑ ምንም ያህል አይቀራቸውም። ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው የሞሮኮ አርጋን ከሰሊጥ ጋር ሲተያይ ኦሌይኩ ትንሽ የሚበዛ ዘይት ነው፤ ዋጋው የሚሰቀለው ፍሬው በእጅ ስለሚፈለፈልና ስሙ ስለተሸጠ ነው። አቮካዶ፣ አልሞንድ፣ የሽፈራው ፍሬ ዘይትና ወይራ ኦሌይክ የበዛባቸው ናቸው። የተልባ ዘይት ከግማሽ በላዩ ሊኖሌኒክ የሚባል ሌላ ፋቲ አሲድ ስለሆነ አየር በነካው ቁጥር ይበላሻል፤ ቀለም ቀቢዎች በሚደርቅ ዘይትነቱ የሚፈልጉት በዚሁ ጠባዩ ሲሆን ለፊት ግን አይመከርም። የጉሎ ዘይት እስከ 90 ከመቶ የሚደርሰው ሪሲኖሌይክ የተባለ አሲድ ነው። ወፍራምና የሚጣበቅ ስለሆነ ለቅንድብ እንጂ ለሙሉ ፊት አይሆንም፤ በከንፈር ቀለም ውስጥ ሲገባም አንዳንድ ሰዎችን እንደሚያሳክክ ይታወቃል። ጆጆባ ከሁሉም ይለያል፤ ዘይት ተብሎ ቢጠራም በባሕርዩ ፈሳሽ ሰም ነው፣ ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቆይ። ከሰው ወዝ ሩብ ያህሉም ተመሳሳይ ሰም ስለሆነ «ቆዳን ያታልላል፣ ወዝ ማመንጨቱን ያስቆመዋል» ይባላል። ወዝን የሚያዝዘው ሆርሞን እንጂ ላዩ ላይ ያለው ቅባት ስላልሆነ ይህ አባባል መሠረት የለውም። ጆጆባ ጥሩ የሚሆነው ስለሚያታልል ሳይሆን ብዙ ስለማይጎዳ ነው።

ከዚህ ላይ «እንግዲያው ኑግ ነዋ!» ብሎ የሚሮጥ ሰው አንድ እንቅፋት ይጠብቀዋል። ሊኖሌይክን ለቆዳ ተስማሚ ያደረገው የኬሚካል ቅርጹ ቶሎ ከአየር ጋር እንዲዋሐድም ያደርገዋል። ኑግና ሱፍ ቶሎ ይበላሻሉ፤ የተበላሸ ዘይት የሚያመነጫቸው ፐርኦክሳይዶች ቆዳን ያስቆጣሉ፣ የብጉር መነሻም ይሆናሉ። ሽታው የተለወጠ፣ ሲነኩት የሚጣበቅ፣ በበርሜል ከፀሐይ ላይ የከረመ ዘይት ፊት ላይ መውጣት የለበትም። በተለይ ኑግን የሚጨምቁ አነስተኛ ዘይት ቤቶች ፍሬውን ሲያሞቁት ወይም ሲቆሉት ሽታው ይጠነክራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሰሊጥ ግን ሰሳሞል የመሰሉ የራሱ መከላከያዎች ስላሉት ከሊኖሌይኩ መጠን አንጻር ሲታይ እጅግ ይቆያል፤ ስለዚህ በወር አንዴ ትኩስ ኑግ ማግኘት ለማይችል ሰው ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት የተሻለ ስምምነት ነው። ሌላ ወጥመድም አለ። ሱፍና የሱፍ አበባ ዛሬ ለመጥበሻ እንዲቆዩ ተብለው ኦሌይካቸው እንዲበዛ ተዳቅለዋል። በውጭ አገር ሱቅ የሚገዛ ሰው የጠርሙሱን የምግብ ይዘት ጽሑፍ ይመልከት፤ ፖሊአንሳቹሬትድ የሚለው ቁጥር ሞኖአንሳቹሬትድ ከሚለው በእጅጉ ከበለጠ ሊኖሌይክ ያለበት ነው፤ ከተገለበጠ ግን ስሙ ሱፍ ይሁን እንጂ ጠባዩ የወይራ ነው። ይህ ትንሽ ምርመራ ማንኛውም ሻጭ ከሚሰጠው ማብራሪያ ይበልጣል።

ብጉር ያለበት ሰው በዘይት ስም ብቻ መደንገጡ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970 ፕሌዊግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች ግንባርና በግንባር ግራና ቀኝ ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት ብጉር ገለጹ፤ መነሻው ለፀጉር የሚቀባው ወፍራም ቅባት ወደ ፊት ሲወርድ ነበር። ቅቤ ወይም የፀጉር ቅባት ተቀብቶ ሻሽ አሥሮ ለሚያድር የእኛ ሰውም ይህ በቀጥታ ይመለከተዋል፤ ፊቱን ከመመርመሩ በፊት ፀጉሩን ቢመረምር ይሻለዋል። በሌላ በኩል በ1980ዎቹ ዳውኒንግና ባልደረቦቹ የብጉር ሕመምተኞች ወዝ በሊኖሌይክ ያነሰ መሆኑን ጽፈዋል። በ1998 ደግሞ ሌታዌና ባልደረቦቿ ሊኖሌይክን ፊት ላይ ቀብተው ለዓይን የማይታዩት ጅምር ብጉሮች በአንድ ወር ውስጥ በመጠን 25 ከመቶ ገደማ እንደቀነሱ አሳዩ። ስለዚህ ለወዛምና ብጉራም ፊት «ዘይት አትንካ» ማለት ከልክ ያለፈ ነው። «ወዝ የሚበዛው ቆዳው ስለደረቀ ነው፤ ዘይት ስትቀባ ይቆማል» የሚለው ተቃራኒው ምክርም ከሆርሞኑ ጋር ይጋጫል። ትክክለኛው አነጋገር ጠባብ ነው። በብጉር መድኃኒት የደረቀና የተላጠ ወዛም ፊት ሊኖሌይክ የበዛበትን ስስ ዘይት በሁለትና በሦስት ጠብታ መጠን ሊታገሥ ይችላል፤ ምንም ያልደረቀ ወዛም ፊት ግን የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

በዚህ ቦታ ብዙዎች ቀዳዳ ይደፍናሉ ወይም አይደፍኑም እያለ ከዜሮ እስከ አምስት ቁጥር የሚሰጠውን ዝርዝር ያወጣሉ። ዝርዝሩ የተጀመረው በጥንቸል ጆሮ ላይ በተደረገ ሙከራ ነው፤ የጥንቸል ጆሮ ከሰው ፊት ይልቅ እጅግ ቶሎ ይደፈናል። በ2006 ድሬሎስና ዲናርዶ እነዚህ «የሚደፍኑ» ነገሮች ያሉባቸውን የተዘጋጁ ቅባቶች በሰዎች ጀርባ ላይ ሲፈትኑ ቅባቶቹ የግድ ቀዳዳ እንደማይደፍኑ አገኙ። ሆኖም ከዝርዝሩ አንድ የሚጠቅም ነገር ይተርፋል፤ የኮኮናት ዘይት ብጉር ለሚያወጣ ፊት ጥሩ እጩ እንዳልሆነ። ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ነው፤ ሊኖሌይኩ ከቁጥር አይገባም። በፊሊፒንስ በ2004 የወጣ ጥናት ለደረቀ የሰውነት ቆዳ ከማዕድን ዘይት እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል፤ ለእግርና ለክንድ የሚሠራ ግን ሁልጊዜ ለግንባር አይሠራም። በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ በቅንድብ መካከል ቀላ ብሎ የሚቀረፍ ፎረፎር ላለበት ሰው ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚያ አካባቢ የሚኖረው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ የሚመገበው በቅባት ነው፤ አብዛኞቹን የዕፅዋት ዘይቶች ይበላቸዋል። ከተፈጩት ቅባቶች የሚተርፈው ኦሌይክ አሲድም በተጋለጡ ሰዎች ላይ መቀረፉን ያባብሰዋል። ይህን ሁኔታ «ደረቅ ቆዳ» ብሎ ወይራ መቀባት እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው የፈንገስ መድኃኒት ነው።

የቅቤ ነገር መነሣቱ አይቀርም። «እናቶቻችን በቅቤ ነው ያደጉት፤ ፊታቸውን እዩት» የሚለው መከራከሪያ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በደጋ ነፋስ፣ ቀኑን ሙሉ በጭስና በፀሐይ መካከል፣ ሳሙና በማይበዛበት ኑሮ ቅቤ ውሃ ከቆዳ እንዳይወጣ መከልከሉ እርግጥ ነው። ያንን ቆዳ ግን ከዛሬው ጋር እኩል ማስቀመጥ አይቻልም። የዛሬው ፊት በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ አረፋ በሚያወጣ ሳሙና ይታጠባል፣ ይፈገፈጋል፣ ብዙ ጊዜም ሃይድሮኪኖን ወይም ስቴሮይድ ያለበት የሚያቀላ ክሬም ቀምሷል። አጥሩ ቀድሞ የሳሳ ነው። የቅቤ ፋቲ አሲድ በብዛት ፓልሚቲክና ኦሌይክ ሆኖ ሊኖሌይኩ ጥቂት ከመቶ ብቻ ስለሆነ የሳሳውን አጥር አይጠግንም፤ ለጋው ቅቤ ደግሞ ውሃና የወተት ቅሪት ስላለበት ፊት ላይ ሲያድር ይሸታል። ለፀጉር ማገልገሉን ማንም አልከለከለም። በዚያ ላይ የቀድሞዎቹ እናቶች ፊት ማማሩን የምንፈርደው ከሚታዩን ፊቶች ነው፤ በቅቤ ብጉር የወጣባቸውን ማንም አልመዘገበም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ማረጋገጫ ከሁሉ በላይ ያሳስታል። ጥሩ መዓዛ ያላቸው ስስ ዘይቶች፣ የላቫንደር፣ የብርቱካን፣ የሎሚ ልጣጭ፣ በውስጣቸው ያሉት ሊናሉልና ሊሞኒን አየር ሲነካቸው ወደ አለርጂ ቀስቃሽነት ይለወጣሉ። ከቤርጋሞት ልጣጭ የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፤ ሎሚ ፊት ላይ ጨምቆ ፀሐይ ላይ መውጣትም እንደዚሁ። የሻይ ዛፍ ዘይት ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው። በ1990 በአውስትራሊያ 124 የብጉር ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ 5 ከመቶ የሆነው ቅምር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከተባለው መድኃኒት ቀርፋፋ ቢሆንም ብጉርን እንደሚቀንስ አሳየ። አምስት ከመቶ ግን የተበረዘ ማለት ነው፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ የሚቀባ ሰው ሃያ እጥፍ እየተቀባ ነው። በእኛ ዘንድ ሁሉን ያድናል የሚባለው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሊኖሌይኩ ከግማሽ በላይ በመሆኑ በወረቀት ላይ ያምራል። በውስጡ ያለው ቲሞኪኖን ግን ኃይለኛ ነው፤ ሳይበረዝ በመቀባት የደረሰ ከባድ የቆዳ መቆጣት በሕክምና ጽሑፎች ተዘግቧል። ሌላው የተወደሰ ቃል «በቀዝቃዛ የተጨመቀ» ነው። በቀዝቃዛ የተጨመቀ ዘይት ቫይታሚን ኢውንና መዓዛውን ይዞ ይቀራል፣ እውነት ነው። ከዚያ ጋር ግን ነጻ ፋቲ አሲዶችንና የፍሬውን ፕሮቲን ቅሪት ይይዛል፤ ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ ብዙ ጊዜ የተጣራው፣ ሽታና ቀለም የሌለው ዘይት ይሻላል። የማጣራት ሥራ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ብሎ መደምደም አያስኬድም።

የሚቀረው ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፤ አብዛኛው ማስረጃ የተወሰደው ከክንድና ከሕፃናት ገላ ነው እንጂ ከፊት አይደለም፤ ኑግ ደግሞ በሱፍ አበባ ስም እየተመሰከረለት ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። የፊት ቆዳ የራሱ ወዝ አለው፣ ከክንድ ይልቅ ቶሎ ይቆጣል። ስለ ኑግ የተባለውም ከይዘቱ የተወሰደ ግምት ነው። ነገር ግን ከዚያኛው ወገን ያለውን ማየት ይገባል። ወይራ ለደረቅ፣ አርጋን ለድብልቅ የሚለው ሠንጠረዥ የቆመው በክንድም በፊትም ባልተፈተነ ልማድ ላይ ነው። ከሁለት ያልተሟሉ ነገሮች አሠራሩ የታወቀውን፣ በሕመምተኞችም በሕፃናትም ላይ አቅጣጫው የታየውን መያዝ ይሻላል። ይህም ቢሆን ግምት ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቆዳ ላይ መፈተን አለበት። በክርን ውስጠኛ ክፍል ለተወሰኑ ቀናት መቀባት አለርጂን ይገልጣል። ብጉርን ግን አይገልጥም፤ ጅምር ብጉር አድጎ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ አንዱን ዘይት ከመንጋጋ ሥር አንድ ወር ተኩል ያህል ሳይለውጡ መሞከር እንጂ በየሳምንቱ ጠርሙስ መቀያየር የትኛው እንደጎዳ እንኳ አያሳውቅም። ለሰሊጥ ወይም ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ዘይታቸውንም ይራቅ። በ2003 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት በተቆጣ ቆዳ ላይ የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት ቅባት የተቀቡ ሕፃናት በኋላ የኦቾሎኒ አለርጂ ሲያድርባቸው በብዛት እንደታየ ማመልከቱ፣ የተቆጣ ቆዳ ለምግብ ዘይት ሁሉ በሩ ክፍት እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል።

ይህን ሁሉ ወደ ምርጫ ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል። ፊቱ ከታጠበ በኋላ የሚወጠር፣ የሚያቃጥለው፣ የሚላጥ ሰው ወዛም ይሁን አይሁን አጥሩ ተጎድቷል፤ መጀመሪያ ሳሙናውን ያለዝብ፣ ከዚያ ትኩስ ሱፍ፣ የሱፍ አበባ ወይም ኑግ በእርጥብ ፊት ላይ ጥቂት ጠብታ ይቀባ። ዕድሜው የገፋ፣ ወዙ የቀነሰ፣ ምንም የማይቆጣ ደረቅ ፊት ያለው ሰው ሰሊጥም አርጋንም ሽፈራውም ሊስማማው ይችላል፤ ኦሌይክ ለሁሉም ክፉ አይደለም፣ ጤነኛና በሳል ቆዳ ይሸከመዋል። ብጉር የሚያወጣ ከኮኮናት፣ ከወይራና ከቅቤ ይራቅ፤ ከፈለገ ጆጆባ ወይም ሊኖሌይክ የበዛበትን ይሞክር። ችፌ ያለበትና ቆዳው የቆሰለ ሰው ዘይት ከመምረጡ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ጠርሙሱ ትንሽ፣ ጥቁር ብርጭቆ፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ ቦታውም ከምድጃና ከመስኮት የራቀ ይሁን፤ ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ያኑረው።

ለጥቁርና ለጠይም ቆዳ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብድ አንድ ነገር አለ። በእኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ብጉር ወይም ቀላል መቆጣት አልፎ ሲሄድ ጥቁር ምልክት ትቶ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ የዘይት ስሕተት ዋጋው ከነጭ ቆዳ ይልቅ ለእኛ ውድ ነው፤ «ይቆጣል ግን ይለምዳል» የሚለው ምክር ለእኛ አይሠራም። ዘይት ማድያትን አያጠፋም። የራስበሪ ፍሬ ዘይት እንደ ፀሐይ መከላከያ ያገለግላል የሚለውም ወሬ መታመን የለበትም፤ ማንኛውም የዕፅዋት ዘይት የሚሰጠው መከላከያ አይበቃም። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው ጨረር 10 ከመቶ ገደማ እንደሚጨምር ሲታሰብ፣ ማድያት ያለባት የአዲስ አበባ ሴት ለፊት ዘይት ከመደበችው ገንዘብ አብዛኛውን በሚገባ ለተሠራ የፀሐይ መከላከያ ብታውለው፣ ለዘይቱ ደግሞ ከዘይት ቤት በትንሹ የተቀዳ ትኩስ ሱፍ ብትገዛ ምንም አይቀርባትም።